ከጥምቀት በፊት ላኩት፦ ተከፋይ የምርምር ኢንተርንሺፕና ፌሎሺፕ ለምትፈልጉ የጎንደር ተማሪዎች

ጥር ሲመጣ ጎንደር ምን እንደምትመስል ለጎንደሬ አይነገረውም። ገና ከከተራው ሳምንት ቀደም ብሎ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ቤት ሁሉ ዘመድ ይጎርፍበታል፣ ኔትወርኩም እንደ ፒያሳ መንገድ ይጨናነቃል። የትልልቆቹ የምርምር ኢንተርንሺፖች ማመልከቻ የሚዘጋው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 የሚሉት በእኛ ጥር 23 ላይ ይውላል፤ ከቃና ዘገሊላ አሥራ አንድ ቀን በኋላ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ይህን ሒሳብ አልሠራሁትም። ፎርሙን ጥር 22 ማታ ሞልቼ ጨረስኩ። ሪኮመንዴሽን ሊጽፉልኝ ቃል የገቡት መምህሬ ግን ለበዓሉ ወደ ቤተሰባቸው ሄደው ስለነበር፣ ሊንኩ የተላከበትን ኢሜይል ያዩት ጥር 26 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ጥፋት አጠፋሁ፤ እሱን ከታች እነግራችኋለሁ። በሦስተኛው ሙከራዬ ተሳካ። በመካከሉ ጂፒኤዬ ከፍ ያለው ከ3.41 ወደ 3.46 ብቻ ነበር። የተለወጠው ሥራውን የጀመርኩበት ወር ነው፤ ከጥር ወደ መስከረም አመጣሁት።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ለዩ

ኢንተርንሺፕ የሚባለው በአብዛኛው ሳትመረቁ የምትሄዱበት፣ ከ8 ሳምንት እስከ 6 ወር የሚቆይ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ፌሎሺፕ ረዘም ይላል፤ ብዙ ጊዜ ከምረቃ በኋላ ሆኖ ወደ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ያመራል። ተከፋይ ሲባል ደግሞ ቲኬቱን፣ ማደሪያውንና የኪስ ገንዘቡን ሁሉንም ወይም አብዛኛውን ተቋሙ ይችላል ማለት ነው። ገና ሳትቀጠሩ እናንተ የምትከፍሉበት ከሆነ ስሙ ሌላ ነው።

በሁለተኛው ሙከራዬ ያጠፋሁት ጥፋት ይህ ነበር። በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው «ቦታ አለኝ» አለኝ፤ የማስመዝገቢያ ብሎ ብር ተቀበለኝ፤ አርማ ያለበት የሚያምር ደብዳቤም ላከልኝ። በደብዳቤው ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም ሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት ስፔሊንግ ተጽፏል። ይህን ያየሁት ብሩ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚህ በታች በስም የማነሳቸው የምርምር ተቋማት፣ ሰርን፣ ኦይስት፣ ኢስታና አይሲቲፒ ለማመልከት አምስት ሳንቲም አይጠይቁም። የቴሌግራም ቻናሉን ለወሬ ተጠቀሙበት፤ ማመልከቻውን ግን በራሱ በተቋሙ ድረ ገጽ ብቻ ሙሉ።

ደረጃ 2፦ የማይመለከታችሁን ጣሉ፣ የቀረውን ያዙ

ጉግል ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጡላችሁ ሁለቱ ለእናንተ አይደሉም። በአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደገፈው አር ኢ ዩ የተባለው የባችለር ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራም የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን ነው። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድ «ራይዝ» የተባለው ፕሮግራሙ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ፣ በብሪታንያና በአየርላንድ ለሚማሩ ነው። በእነዚህ ላይ ሌሊቱን ሲያድር ያየሁት ተማሪ አንድና ሁለት አይደለም። የማንኛውንም ፕሮግራም ገጽ ስትከፍቱ ስለ ገንዘቡ ከማንበባችሁ በፊት «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አንብቡ።

አሁን ወደ ክፍቶቹ።

ጄኔቫ ያለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ከ1962 ጀምሮ የክረምት ተማሪዎችን ይቀበላል (ስለ ተቋማቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አባል ካልሆኑ አገሮች ለሚመጡ የተለየ መስመር አለው፤ ኢትዮጵያዊ የሚገባው በእሱ ነው። ፊዚክስ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒዩተርና ሒሳብ ይፈልጋል፤ እስከ ክረምቱ ቢያንስ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ዓመታት መጨረስ ግዴታ ነው። የሚከፍለው በቀን ከ90 የስዊዝ ፍራንክ በላይ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ማደሪያና ምግብ ግን ከዚያው ይወጣል፣ ጄኔቫ ደግሞ ርኅራኄ የላትም። የጉዞ ድጋፍና የጤና ኢንሹራንስ ተጨምሮበታል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው።

ጃፓን ኦኪናዋ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ኦይስት በእኔ ግምት ለእኛ ተማሪ ከሁሉ ይመቻል። አንደኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፍታል፤ መዝጊያዎቹ ኤፕሪል 15 እና ኦክቶበር 15 ናቸው፤ በእኛ ሚያዝያ 7 እና ጥቅምት 5 አካባቢ። ስለዚህ የካሌንደር መዛባት ያለበት ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ አንዱ ቢያመልጠው ሌላው አለለት። ሁለተኛ፣ ቲኬቱንም ማደሪያውንም ራሱ ይይዛል፤ በዚያ ላይ በቀን 2,400 የን ይሰጣል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኒውሮሳይንስ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የባሕር ሳይንስ ሁሉም አለበት። በባችለር የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ላይ ያሉና ማስተርስ የሚማሩ ማመልከት ይችላሉ።

በቪየና አቅራቢያ ያለው የኦስትሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ኢስታ «ኢስተርንሺፕ» የሚለው የክረምት ፕሮግራም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ ማመልከቻው በጥርና በየካቲት መጀመሪያ መካከል ይዘጋል። የሳዑዲው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ካውስት ከ3 እስከ 6 ወር ይቀበላል፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ጠበቅ ያለ ውጤት ይጠይቃል፣ ከ4 ላይ 3.5። ኮድ ለምትጽፉ ከቤት ሳትወጡ የሚሠሩ ሁለት አሉ፦ ከ2005 ጀምሮ የሚካሄደው የጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ፣ እና 7,000 ዶላር የሚከፍለው አውትሪቺ። ምርምር ናቸው ብዬ አልከራከርም፤ ሲቪያችሁ ላይ ግን ክብደት አላቸው። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለተመራቂዎች፦ በ1964 በአብዱስ ሰላም የተመሠረተው፣ ጣሊያን ትሪየስት ያለው የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል አይሲቲፒ በፊዚክስና ሒሳብ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው፤ ወጪው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ፣ በተለይ ለታዳጊ አገር ተማሪዎች። በ2003 ደቡብ አፍሪካ ላይ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ኤይምስ አሁን በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋልና በካሜሩንም የሒሳብ ሳይንስ ማስተርስ ይሰጣል። የአፍሪካ ኅብረት ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ሳይንስና ቴክኖሎጂውን ኬንያ፣ ውኃና ኢነርጂውን አልጄሪያ አስቀምጦታል። ለሴቶች ደግሞ በ2020 የተጀመረው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ፌሎሺፕ ለማስተርስ፣ ኦውስድ የተባለው የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ደግሞ ለፒኤችዲ አሉ።

አገር ውስጥ ያለውንም አትናቁ። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሕክምናና ባዮቴክኖሎጂ፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ኢልሪ በእርሻና እንስሳት ላይ ይሠራሉ፤ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ ደግሞ በነፍሳት ላይ የማስተርስና የፒኤችዲ ጥናት ለሚሠሩ ቦታ አለው።

ደረጃ 3፦ ጎንደር ላይ አንድ ትንሽ ሥራ ሥሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይገባዋል፤ ተማሪው ሁሉ የሚዘልለውም እሱኑ ነው።

መራጮቹ ዓለምን የሚቀይር ነገር አይጠብቁባችሁም። ማየት የሚፈልጉት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ፣ በእጃችሁ ባለው ነገር መልስ ፈልጋችሁ፣ የተሳሳታችሁበትን ማወቃችሁን ነው። ይህ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ሞልቷል።

አንገረብን ውሰዱ። ለከተማው ውኃ የሚያቀርበው ግድብ በደለል መሞላቱን የማያውቅ ጀሪካን ተሸካሚ የለም። የውኃ ወይም የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሆናችሁ በሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ወንዙ ውስጥ ሳትገቡ (ጎርፉ ሰው ይወስዳል፣ አልቀለድኩም) ከድልድይ ላይ በገመድ በታሰረ ባልዲ አንድ አንድ ሊትር ቅዱ። ማጣሪያ ወረቀቱን ቀድማችሁ አድርቃችሁ መዝኑት። ውኃውን አጣሩ፣ ወረቀቱን ከነደለሉ በላቦራቶሪው ምድጃ በ105 ዲግሪ አድርቁት፣ እንደገና መዝኑት። ልዩነቱ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ደለል ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዝናቡን መጠን ጻፉ። ሃያ እንዲህ ያለ ናሙና ካላችሁ ግራፍ አላችሁ፤ ግራፍ ካላችሁ ስለ እሱ የምትጽፉት ነገር አላችሁ። ወጪው የባጃጅና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው።

የፊዚክስ ተማሪ «ላብ የለንም» የሚላት ነገር አለች። ሰርን የራሱን የቅንጣቶች ግጭት ሙከራ መረጃ በነጻ ለሕዝብ ከፍቷል። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ በጉግል ኮላብ፣ በግቢው ዋይፋይ፣ ማታ ማታ መተንተን ይቻላል። ለሰርን ስታመለክቱ «በእናንተው መረጃ ይህን ሠራሁ» ከማለት የበለጠ ምን መግቢያ አለ? የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ከአማርኛ ጋር ይሥራ፤ በአማርኛ ላይ ገና ያልተሠራው ብዙ ነው፤ ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የምርምር ማኅበረሰብም ለማንም ክፍት ነው። ባዮሎጂና ጤና ላይ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው። የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ እዚሁ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አለ፤ በዳባት ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የሕዝብ ጤና መረጃ የሚሰበሰብበት የጥናት ጣቢያ አለ። (እነዚህ ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

መምህራን ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት ሲያገኙ መረጃ ሰብሳቢ በአበል ይቀጥራሉ። ይህ የመጀመሪያ ተከፋይ የምርምር ሥራችሁ ሊሆን ይችላል። መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ያሰለቻል፤ ግን ስለ ናሙና አመራረጥ ከክፍል የበለጠ ያስተምራል። መምህሩን በመተላለፊያ ላይ አስቁማችሁ «ሥራ አለ?» አትበሉ። ቢሮ ሂዱ፣ የጻፉትን አንድ ጥናት አንብባችሁ ሂዱ።

የሠራችሁትን ጊትሃብ ላይ ወይም በሁለት ገጽ ፒዲኤፍ አስቀምጡት። ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ነው።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱን በመስከረም አስተካክሉ

ስም። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው አጻጻፍ ሕግ ነው። «ፀጋዬ» በትራንስክሪፕቱ በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ቪዛ ላይ ጣጣ ያመጣል። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲል ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ ያስቀመጠውን ገልብጡ፤ «አባቴ ነው ወይስ አያቴ» ብላችሁ አትፈላሰፉ።

የልደት ቀን። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን እንዳለ ፎርሙ ላይ አስገብቶ ራሱን በሰባት ዓመት ያስረጀ ልጅ አውቃለሁ። ቀይሩት፤ የቀየራችሁትም ከፓስፖርቱ ጋር ይግጠም። ፓስፖርት ከሌላችሁ ዛሬ ጀምሩ። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይዛችሁ ጠብቁ። ለማመልከት ብዙዎቹ ፓስፖርት አይጠይቁም፤ ከተቀበሏችሁ በኋላ ግን ቀኑ ይሮጣል።

ትራንስክሪፕት። ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒ በቂ ነው፤ በስልክ ያነሣችሁት ጥላ ያለበት ፎቶ ሳይሆን በስካነር የተነሣ ይሁን። ተማሪ እያላችሁ ከሬጅስትራር ማህተም ያለበት ቅጂ ውሰዱ፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል ኦፊሻሉን ማስወጣት ጦርነት ነው። እዚያው እያላችሁ ሌላም ደብዳቤ አስጽፉ፦ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን በአይኤልትስ ፈንታ ይቀበላሉ፤ ከፈተናው ክፍያና ከአዲስ አበባ ጉዞ ያድናችኋል።

ሲቪ። አንድ ገጽ። የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቀበሌ፣ ፎቶ፣ ሃይማኖት አይግባ። የሃይስኩል ሜዳሊያውንም ተሰናበቱት።

ደረጃ 5፦ ደብዳቤው

አንዳንዱ ፕሮግራም በፎርም ላይ ላቦራቶሪ ያስመርጣችኋል፤ ሌላው፣ በተለይ ፌሎሺፕ፣ የሚቀበላችሁን ፕሮፌሰር ቀድማችሁ እንድታገኙ ይጠይቃል። በሁለቱም የሚጻፈው ነገር ነፍሱ አንድ ነው። የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሐሳቡን እዚህ በአማርኛ ላሳያችሁ። የኔ የመጀመሪያው ደብዳቤ የጀመረው እንዲህ ነበር፦

«ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ፣ እኔ ከኢትዮጵያ የሆንኩ ትጉህና ታታሪ ተማሪ ነኝ። በታላቁ ተቋምዎ የመማር ሕልም ከልጅነቴ ጀምሮ ነበረኝ። ዕድሉን ቢሰጡኝ አላሳፍርዎትም።»

ይህ ደጅ ጥናት ነው። ፕሮፌሰሩ ስለ እኔ አንድ ነገር አላወቀም፤ ስሜን አጥፍቶ የሌላ ሰው ስም ቢያስገባበት ደብዳቤው አይነቃነቅም። የአንገረቡን ሥራ የሠራ ተማሪ ግን እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«ባለፈው ክረምት ለጎንደር ከተማ ውኃ ከሚያቀርበው ግድብ በላይ ካለው ወንዝ 22 ናሙናዎች ወስጄ የደለሉን መጠን ለካሁ። ከዝናቡ መጠን ጋር ሳነጻጽረው ለመካከለኛ ዝናብ መስመሩ ይሠራል፤ ከባድ ዝናብ ሲሆን ግን ግምቴ ከእውነተኛው በጣም ያንሳል። ቡድንዎ ባሳተመው ጥናት ላይ የወንዙን ዳር መናድ ለብቻ እንደምትለኩ አነበብኩ። የኔ ስህተት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ እንዴት እንደሚለካ መማር እፈልጋለሁ።»

ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ «ጎበዝ ነኝ» አላለም። ስህተቱን ይዞ መጣ። ተመራማሪን የሚያስቆመው እሱ ነው። በሁለተኛው አንቀጽ የምትችሉትን መሣሪያ (ፓይተን፣ ማትላብ፣ ፒሲአር፣ ጂአይኤስ) ጻፉ፤ በሦስተኛው መቼ መምጣት እንደምትችሉ። ከ200 ቃላት አይለፍ። ለአንድ ተቋም አሥር ፕሮፌሰር አንድ ዓይነት ኢሜይል አትላኩ፤ ምሳ ላይ ይነጋገራሉ። ካልመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱት፣ ከዚያ ተዉት።

ቻትጂፒቲን ሰዋስው ለማረም ተጠቀሙበት፤ ከባዶ ካስጻፋችሁት ግን ከሺህ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ደብዳቤ ትልካላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሪኮመንዴሽን

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መምህር በኅዳር ያዙ፤ ሦስተኛ መጠባበቂያም ይኑር። ውጤት ብቻ የሰጣችሁ ዶክተር ከሚጽፍላችሁ፣ ላቦራቶሪ አብራችሁ የሠራችሁት ወጣት ሌክቸረር ቢጽፍላችሁ ይሻላል፤ የሚናገረው ነገር አለውና። የምትልኩት መልእክት እንዲህ ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ4ኛ ዓመት ሃይድሮሊክስ ተማሪዎ ነኝ፤ በሐምሌ የደለሉን ናሙና በእርስዎ ላብ ያደረቅሁት። ለኦስትሪያ የክረምት የምርምር ፕሮግራም እያመለከትኩ ስለሆነ ሪኮመንዴሽን እንዲጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሚዘጋው ጥር 23 ነው፤ ሊንኩ በኢሜይልዎ የሚደርስዎ ታኅሣሥ 20 ነው። ሲቪዬንና የሠራሁትን ሁለት ገጽ አያይዣለሁ። ጊዜ የሚያጥርዎ ከሆነ አሁን ቢነግሩኝ ምንም ቅር አይለኝም።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። «እምቢ» ማለት የሚያፍሩ መምህር ዝም ብለው ጥር ላይ ይጥሏችኋል፤ በሩን ከከፈታችሁላቸው ግን በኅዳር ይነግሯችኋል።

«ጻፈውና አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ» የሚሉም አሉ። እንዲህ ሲባል ደብዳቤውን ሳይሆን ማስታወሻ ስጡ፦ በምን ኮርስ ተዋወቃችሁ፣ ምን ሠራችሁ፣ የት ተሳሳታችሁ፣ እንዴት አረማችሁ። ከዚያ እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ያስፍሩት። አንድ ተማሪ የጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ እጅ እንደተጻፉ ለመራጩ ወዲያው ይታየዋል። የመምህሩን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ስጡ፤ በጂሜይል የመጣን የማይቀበል ሲስተም አለ። ደግሞም የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል በየቀኑ እንደማያዩት እወቁ፤ ሊንኩ የተላከ ቀን ደውሉ፤ ሳያዩት የሚቀረው ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ገብቶ ነው።

ደረጃ 7፦ መላክ

የሰዓቱ ነገር ሰው ይበላል። «ጃንዋሪ 31፣ 23፡59 የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» ማለት ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 7፡59 ነው። በጃፓን ሰዓት 23፡59 ከሆነ ግን ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ከቀኑ 11፡59 ላይ ያበቃል፤ «ማታ እልካለሁ» ያለ አለቀለት። «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» የሚል አነጋገር ካያችሁ ደግሞ በማግሥቱ ከቀኑ 8፡59 ድረስ አላችሁ።

እናንተ ግን በዚህ አትጠቀሙ። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ያልነበረው ሁሉ ለወራት ከዓለም ተለይቶ ነበር። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የፎርሙን ጥያቄዎች በመጀመሪያው ቀን ገልብጣችሁ በዎርድ አስቀምጡ፣ መልሱን እዚያ ጻፉ፣ ፒዲኤፎቹን ከ2 ሜጋባይት በታች አድርጉ፣ ፍላሽም ስልክም ላይ ይኑሩ። የኔ ቀጠሮ ጥር 8 ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ሲወጡ ማመልከቻው ገብቶ ማረጋገጫ ኢሜይሉም መጥቷል።

ደረጃ 8፦ ቃለ መጠይቅ

አጭር ነው፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ። የላካችሁትን ሥራ በሦስት ደቂቃ መናገር ተለማመዱ። ዶርም ውስጥ አታድርጉት፤ ዲፓርትመንቱን አንድ ቢሮ ለምኑ። ቀጠሮውን ስትቀበሉ «በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይህን ያህል» ብላችሁ መልሳችሁ ጻፉ፤ በእኛ 3 ሰዓትና በእነሱ 3 ሰዓት መካከል ስድስት ሰዓት አለ። መስመሩ ከተቆራረጠ ቪዲዮውን ለማጥፋት ፈቃድ ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣም። የማታውቁትን «አላውቅም፣ ግን በዚህ በኩል እጀምራለሁ» በሉ።

ደረጃ 9፦ ከተቀበሏችሁ በኋላ

መጀመሪያ የምትጠይቁት ቲኬቱን ማን ይገዛል የሚለውን ነው። አንዳንዱ ተቋም «ግዛና ደረሰኝ አምጣ፣ እንመልስልሃለን» ይላል። በተለይ በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የአንድ ተማሪ ቤተሰብ ያን ያህል ብር ከየት ያመጣል? «ቀድሜ መክፈል አልችልም፣ ቲኬቱን በቀጥታ ልትገዙልኝ ትችላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ይህን ለመጻፍ አፍሬ አራት ቀን ቆየሁ። መልሱ በሁለት ሰዓት መጣ፦ «በእርግጥ።»

ለቪዛ አዲስ አበባ መውረድ አይቀርም። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንዳንድ ሰሞን ደግሞ መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ ከአዘዞ በአውሮፕላን መሄድ ግድ ይላል። ስለዚህ ቀጠሮ፣ አሻራና ሰነድ በአንድ ጉዞ እንዲያልቅ አድርጉ። የመጋበዣ ደብዳቤ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ወረቀት፣ ኢንሹራንስ፣ ከዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተማሪ መሆናችሁንና በመስከረም ወይም በጥቅምት ተመልሳችሁ እንደምትቀጥሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ይኑራችሁ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ቆንስሉ የሚፈራው እንዳትቀሩ ነው።

ካሌንደሩን ከዲፓርትመንቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእነሱ ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ የእኛ ፈተና ሐምሌ ላይ ሊገፋ ይችላል። ጂሲ (ተመራቂ) ከሆናችሁ በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለባችሁ፤ ተቋሙ ሁለት ሳምንት ዘግይታችሁ እንድትጀምሩ ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ ይፈቅዳል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ ግዴታ የሆነው የአንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ አለው። ያንን ሴሚስተር ከ3 እስከ 6 ወር በሚቀበሉት ላይ ማዋል ይቻላል፤ ዲፓርትመንቱና የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮው በጽሑፍ ከተስማሙ።

እዚህ ላይ አንድ የደረሰብኝ ነገር አለ። ስመለስ የግምገማ ፎርሙን አስሞልቼ፣ በፕሮፌሰሩ አስፈርሜ መጣሁ። ጽሕፈት ቤቱ ገልብጦ አየው፤ «ማህተሙስ?» አለኝ። የነበርኩበት ላቦራቶሪ ማህተም የሚባል ነገር የለውም፤ ፕሮፌሰሩን በኢሜይል ብጠይቀው ምን ለማለት እንደፈለግኩ እስኪገባው ሦስት ጊዜ ተጻጻፍን። ውጤቴ እስከ ኅዳር ተንጠልጥሎ ቆየ። እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ጠይቁ፦ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ የተፈረመ፣ ከተቋሙ ኢሜይል በቀጥታ የተላከ ደብዳቤ ይበቃል ወይ? ይበቃል ካሉ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። እሱ ላይ ማህተም አስደርጉበት።